የድንጋይ ሽበት

ዝናብ ነው ያስገባኝ፤ አበባ አልያዝኩም፤
የማውቀው ሟች የለኝ፣ ስም አልጠየቅኩም።
ከያንጎን ወዲያ ነው፤ አውቶብሱ ተንፍሶ፣
ሾፌሩ ይራገማል ሸሚዙ ርሶ።
«እዚያ ግቡ» አለን፣ ከመንገዱ ማዶ፤
በሩ ወለል ብሏል፣ ዘብ የለው፣ ወና ባዶ።

ገባሁ።
ሣሩ በመቀስ የተስተካከለ ይመስላል፤
ለካ ሙትም እንደ ቋሚ ይሰለፋል።
ስድስት ሺህ ነሐስ በስድስት ሺህ ድንጋይ፣
ደረቱን ነፍቶ ዝናቡን ሲያይ።

አንዲት ሴት ብቻ፣
ጉንጯን በዛፍ ቅርፊት ቀብታ፣ ወርቅ አስመስላ፣
በጥርስ ብሩሽ ድንጋይ ትፍቃለች፣ ቁጢጥ ብላ።

ዶ ኚዮ ምያ ይሏታል፤ «ዶ» ማለት እትዬ ነው።
ሃያ ሁለት ዓመቷ ይህን ሜዳ ስታጥበው።
ክረምት በገባ ቁጥር ድንጋዩ ያበቅላል፣
አረንጓዴ፣ ግራጫ፤ ቢፍቁት ይመለሳል።
በእኛ ቋንቋ የዚህ ነገር ስሙ ሽበት ነው፤
ሰውም ድንጋይም ሲያረጅ የሚያወጣው።

እነዚህ ግን አልሸበቱም።
ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ፤ እዚያው ቆመ ቁጥሩ፤
ሽበታቸውን ለድንጋይ አውርሰው ቀሩ።

መሐል ላይ ግንብ አለ፣ ሦስት ሰው የሚያክል፤
«ስለ ነፃነት ወደቁ» ይላል፣ በጉልህ ፊደል።
ያን ቃል አስቀድማ ታጥባለች፣ ገና ሳይነጋ፣
አለቃ ሳያዛት፣ የአበባ ጉንጉን ሳይጠጋ።

ከአውቶብሱ የወረደ አንድ ተማሪ ያስተረጉማል፣
ወዲያ ወዲህ እያየ፤ ድምፁ ከዝናቡ ያንሳል።
«ልጄ» አለች፣ ብሩሿን ሳታቆም፣
«ፊደል የቆጠረው እዚህ ነው፣ ትምህርት ቤት አይደለም።»
ፕዮ ዋይ ይባላል። በጭቃ ጣቱ እየተከተለ፣
ያን አንድ ቃል ከግንቡ ላይ ለቃቅሞ አበቀለ።
ከዚያ አደገና፣
ያነበበውን አመነና፣
ሦስት ጣት አንስቶ ወጣ፣ ከእኩዮቹ ጋር፣
በዚሁ በር፤ እኔ ዝናብ ሸሽቼ በገባሁበት በር።

አሁን ወህኒ ነው። በወር አንዴ የደረቀ ዓሣ ትልካለች፤
«መድረስ አለመድረሱን የሚያውቀው ዓሣው ነው» አለች።

ጥግ ላይ አንድ አለ፣ የማትነካው፣
ሽበቱ እንደ ጋቢ ጨርሶ ያለበሰው።
ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ ፈቀቅ አደረግሁት፤
ወታደር ላይሶን ምቴንጄ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት።
ከኒያሳ ሐይቅ ዳር፤ ዓሣ አጥማጅ ሳይሆን አይቀርም፤
ያኔ ሀገሩ የሰው ናት፤ የሱ አይደለችም።
ባሕር አቋርጦ፣ ለማያውቀው ንጉሥ፣
ለማያውቀው ሕዝብ ነፃነት ሊያደርስ፣
ወደቀ።
ወደ ራሱ ቤት ስትሄድ ሃያ ዓመት ዘገየች፤
በሩ ላይ እናቱን ፈልጋ አጣች።

ስድስት ሺህ ድንጋይ በብሩሽ ነጣ፤
ከዚህ ሁሉ መሐል ማን ነፃ ወጣ?
ጮክ ብዬ ነበር ያልኩት። ተማሪው
አላስተረጎመም፤ ጫማውን አየው።

«ይሄን ለምን ተውሽው?» አልኳት።
ሳቀች። የፊት ጥርሷ አንዱ የለም።
«አለቃዬን ረሳሁት እለዋለሁ፤ ይቆጣል፤ ይሄዳል።
የዚህ ልጅ እናት ሩቅ ናት።
እናት ልጇ ሲሸብት ማየት ትፈልጋለች፤
እኔም አምሮኛል፤ እሱ እንኳ ይሸብት» አለች።

ዝናቡ ቀለል ሲል ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ።
ከእኛ ከተሳፋሪዎቹ በቀር የተነሣ የለም።
ስወጣ ከኋላዬ የብሩሽ ድምፅ፣ ሸሽ፣ ሸሽ፣
ወደ ግንቡ ተመልሳ፣ ወደዚያው ቃል።

አውቶብሱ ውስጥ እጄን አየሁ፤
ጥፍሬ ሥር ጥቂት አረንጓዴ ቀርቷል፤
ከዚያ ልጅ ራስ ላይ ሳላስፈቅድ የነቀልኩት።